የጡረተኞች መንደር ኑሮና ጓደኝነት

የጡረተኞች መንደር ከሥራ የተገለሉ ወይም ዕድሜያቸው ከተወሰነ ወሰን ያለፈ ሰዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቤት እየኖሩ፣ የመዝናኛና የመሰብሰቢያ ቦታዎችን፣ አንዳንዴም የሕክምና አገልግሎትን በጋራ የሚጠቀሙበት ሰፈር ነው። ይህ አኗኗር በተለይ በአሜሪካ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተስፋፍቷል። ነዋሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ከልጆቻቸው፣ ከቀድሞ ጎረቤቶቻቸውና ከሥራ ባልደረቦቻቸው ርቀው ስለሚመጡ፣ በስልሳና በሰባ ዓመታቸው እንደገና ጓደኛ ማፍራት ይኖርባቸዋል። ስለዚህም መንደሮቹ የጓደኝነትን አመጣጥ ለሚያጠኑ ምሁራን ጥሩ የምርምር ቦታ ሆነዋል። ከእነዚህና መሰል ጥናቶች በአጭሩ የሚታየው ነገር ይህ ነው፦ ጓደኝነት ከመዝናኛው ብዛት ይልቅ በተደጋጋሚ ከመገናኘት፣ አብሮ ከመሥራትና በእኩልነት ከመሰጣጣት ይመጣል፤ ዋናው ፈተናው ደግሞ ከጓደኛሞቹ አንዱ ሲታመም ነው።

ስያሜና ዓይነቶች

በአማርኛ «መጦሪያ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጧሪ ያጡ አረጋውያን በእርዳታ የሚኖሩበት ተቋም ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል የሚረዳቸው ወገን የሌላቸውን ሰዎች ነው። የጡረተኞች መንደር ግን ከዚህ ይለያል። ነዋሪው ቤቱን ገዝቶ ወይም ተከራይቶ፣ በአብዛኛው ገና ጤነኛ ሳለ፣ በራሱ ምርጫ ይገባበታል።

በአሜሪካ የሚገኙት መንደሮች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ዓይነት ራሳቸውን የቻሉ ጡረተኞች ቤት ገዝተው የሚኖሩበት ሰፊ ሰፈር ነው። የጎልፍ ሜዳ፣ የመዋኛ ገንዳና ብዙ ክበባት ይኖሩታል፤ የሕክምና እንክብካቤ ግን የመንደሩ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው የአረጋውያን አፓርታማ ነው። አንድ ሕንፃ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች በመንግሥት ድጎማ ይከራያል።

ሦስተኛው የእንክብካቤ ደረጃዎች ያሉት ግቢ ነው። ነዋሪው ሲገባ ከፍ ያለ የመግቢያ ክፍያ፣ ከዚያም ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል። መጀመሪያ ራሱን ችሎ ይኖራል፤ ልብስ ለመልበስና ለመታጠብ ሰው ሲያስፈልገው ወደ ረዳት ያለበት ክፍል፣ ሕመሙ ሲጠና ደግሞ ወደ ነርሶች ክፍል ይዛወራል። ይህ ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው።

አጀማመር

በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኩባንያዎች ጡረታ ሲጨምርና ዕድሜ ሲረዝም፣ ሥራ ካቆሙ በኋላ ለብዙ ዓመታት በጤና የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር በዛ። የአየር ማቀዝቀዣ መስፋፋት ደግሞ እንደ አሪዞና ባሉ ሞቃት ግዛቶች መኖርን ቀላል አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቤን ሽላይፈር የተባለ ሰው ከፊኒክስ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ያንግታውን የተባለች የጡረተኞች መንደር መሠረተ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀድሞ ጥጥ ይመረትበት በነበረ መሬት ላይ፣ የሕንፃ ተቋራጩ ዴል ዌብ ሰን ሲቲን ሠራ። ሰን ሲቲ የተከፈተችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ጎበኛት ይነገራል። በዚያን ጊዜ አረጋውያን ከልጅና ከልጅ ልጅ ርቀው ለመኖር አይፈልጉም የሚሉ ብዙ ነበሩ። ዌብ ግን የመዝናኛ ማዕከሉን፣ የጎልፍ ሜዳውንና የገበያ ቦታውን ለገዢዎች ገና ከጅምሩ ሠርቶ አሳየ። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑን የሚያውልበትን ሁኔታም ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1962 የዌብ ምስል በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

በፍሎሪዳ የምትገኘው ዘ ቪሌጅስ ደግሞ ከተጎታች ቤቶች ሰፈር ተነሥታ አድጋለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በስሟ የሚጠራው የከተማ ቀጠና 129,752 ነዋሪዎች ነበሩት፤ ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜም በአገሪቱ ካሉት የከተማ ቀጠናዎች ሁሉ በፍጥነት ያደገው እርሱ ነበር።

የዕድሜ ደንብ

እ.ኤ.አ. በ1988 የተሻሻለው የአሜሪካ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ፣ ቤት ሻጭ ወይም አከራይ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች እንዳይከለክል ያዛል። የአረጋውያን መኖሪያዎች ግን ከዚህ ነፃ ተደርገዋል። ነፃ ለመሆን ነዋሪዎቹ በሙሉ 62 ዓመት የሞላቸው፣ አለበለዚያም ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው አንድ ሰው መኖር አለበት። ቀደም ሲል ባለ 55 ዓመት መንደሮች ለአረጋውያን የተለየ አገልግሎት እንዲያቀርቡም ይጠየቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ ይህን ግዴታ አነሣ።

ደንቡ ለነዋሪው ጸጥታን ይሰጠዋል፤ ነገር ግን የቤተሰብን ችግር አያውቅም። ለምሳሌ በያንግታውን አንድ ታዳጊ ከአያቶቹ ጋር ለመኖር ቢመጣ ደንቡ ከለከለው። ጉዳዩ ወደ አሪዞና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ደርሶ፣ ከተማዋ የዕድሜ ገደቡን የምታስከብርበት በቂ ሕጋዊ መሠረት እንደሌላት ታወቀ። በዚህም ምክንያት ገደቡ እ.ኤ.አ. በ1998 ቀረ፤ ዛሬ በያንግታውን ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይኖራሉ። በጎረቤቷ በሰን ሲቲ ግን ገደቡ እስከ አሁን ይሠራል። የልጅ ልጆች ለጉብኝት ይመጣሉ እንጂ ነዋሪ መሆን አይችሉም።

የዕለት ኑሮ

በሰን ሲቲ ቀኑ በማለዳ ይጀምራል። በአሪዞና በጋ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ፣ የእግር ጉዞም ሆነ ጎልፍ ፀሐይ ሳይበረታ ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ብዙ ሰው በመንደሩ ጎዳናዎች ላይ የሚጓዘው በመኪና ብቻ ሳይሆን በትንሽ የጎልፍ ጋሪም ነው። ሰባት የመዝናኛ ማዕከላትና ከ100 በላይ ክበባት አሉ። ከክበባቱ መካከል የእንጨት ሥራ፣ የሸክላ ሥራ፣ የልብስ ስፌት፣ የዳንስና የካርታ ጨዋታ ይገኙባቸዋል።

ሰን ሲቲ የራሷ ከንቲባና ማዘጋጃ ቤት የላትም። ብዙ ሥራ የሚሠራው በነዋሪዎች በጎ ፈቃድ ነው። አንዳንዶቹ በካውንቲው ሸሪፍ ሥር ሆነው ሰፈሩን በመኪና እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ ሌሎቹ «ፕራይድስ» በሚባል ማኅበር ታቅፈው መንገድ ያጸዳሉ፣ ዛፍ ይከረክማሉ። ይህ ሥራ ወጪ ከመቆጠቡም ሌላ፣ ሥራ ያቆመ ሰው በተወሰነ ቀንና ሰዓት የሚጠበቅበት ቦታ እንዲኖረው ያደርጋል። አንድ ቀን ቢቀር የት ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ አለ።

እንደ አሪዞናና ፍሎሪዳ ባሉ ቦታዎች ክረምቱን ብቻ የሚያሳልፉ ነዋሪዎችም አሉ። እነዚህ ሰዎች በሰሜን ግዛቶች ወይም በካናዳ ብርድ ሲገባ ይመጡና ሙቀቱ ሲበረታ ይመለሳሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ለሚቀሩት ጎረቤቶች ጓደኝነት ወቅት አለው። ሰፈሩ በአንድ ወቅት ይሞላል፣ በሌላው ይጎድላል።

በአፓርታማዎችና የእንክብካቤ ደረጃዎች ባሏቸው ግቢዎች የሚኖሩ ሰዎች ቀን ደግሞ በሌሎች ነገሮች ይከፈላል። እነዚህም የፖስታ መምጫ ሰዓት፣ ወደ ገበያና ወደ ሐኪም የሚወስደው አውቶቡስ፣ የቢንጎ ጨዋታ፣ ከሁሉም በላይ እራት ናቸው። የጋራ የመመገቢያ አዳራሽ ባለበት ግቢ እራት ሰው በየቀኑ የሚተያይበት ዋናው ሰዓት ነው። በሕግ የተመደበ መቀመጫ ባይኖርም ቦታዎቹ በልማድ ይያዛሉ። አዲስ የገባ ሰው ባዶ መስሎት ወንበር ሲስብ «ተይዟል» መባሉ በእንዲህ ዓይነት ግቢዎች የተለመደ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ግቢዎች አዲስ ገቢ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አብሮት የሚበላ ነባር ነዋሪ ይመድቡለታል።

ጓደኝነት ከምን ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት ቅርበት ነው። ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ላይ የተደረገ ነው። በጥናቱ ሰዎች ጓደኛ ያደረጉት በአብዛኛው የቅርብ ጎረቤታቸውን ሲሆን፣ ቤታቸው በደረጃው አጠገብ የሆነ ሰዎች ከሌላው ፎቅ ነዋሪዎችም ጋር የበለጠ ተቀራርበዋል። ጥናቱ በወጣቶች ላይ ቢሆንም ተመሳሳይ ነገር በአረጋውያንም ታይቷል። ሉሲል ናሄሞውና ፓውል ላውተን እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ማንሃተን በአንድ የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር ያገኙት ውጤት፣ ነዋሪዎች የቅርብ ጓደኛቸው አድርገው የጠሯቸው ሰዎች በብዛት በዚያው ሕንፃ የሚኖሩ መሆናቸውን ያሳያል። በዕድሜ ወይም በዘር የማይመሳሰሉ ሰዎች ጓደኛ የሆኑት ደግሞ በተለይ በጣም ተቀራርበው ሲኖሩ ነበር። ቅርበት መመሳሰልን ሊተካ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የእኩዮች ብዛት ነው። ኧርቪንግ ሮዞው በክሊቭላንድ አፓርታማዎች ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አረጋውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች ያሉ አረጋውያን ብዙ ጓደኞች እንዳሏቸው አሳይቷል። ልዩነቱ ይበልጥ የታየው በሠራተኛው መደብ ላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች ርቀው ከመሄድ ይልቅ በአካባቢያቸው ባሉ ጎረቤቶች ስለሚመኩ፣ በዙሪያቸው ማን እንዳለ ለእነርሱ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የምርጫ ለውጥ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ምሁር ላውራ ካርስተንሰን ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር እንደሆነ ሲሰማው ብዙ ሰው ከመተዋወቅ ይልቅ ልቡ ከሚወዳቸው ጥቂት ሰዎች ጋር መሆንን ይመርጣል። ይህ የአረጋውያን የትውውቅ ክብ ለምን እንደሚጠብ በከፊል ያስረዳል። የክቡ መጥበብ ሁልጊዜ ብቸኝነት ማለት አይደለም።

የትዳር ሁኔታም ለውጥ ያመጣል። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ በመንደሮቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ይበዛሉ። ከባለትዳሮች ጋር እራት ትበላ የነበረች ሴት ባሏ ሲሞት ጥሪው ሊቀንስባት ይችላል። ለአራት ሰው የተዘጋጀው የካርታ ጠረጴዛ ጥንዶችን የሚጠብቅ ነውና። ብዙ ጊዜ አዲሱ ጓደኝነት የሚመጣው ያንኑ ሐዘን ካዩ ሌሎች ሴቶች ነው።

ሜሪል ኮርት፦ በቡና የተጀመረ ኅብረት

በዚህ ርእስ ከታወቁት ጥናቶች አንዱ የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው መጽሐፍ ነው። ጥናቱ የተደረገው በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ ሜሪል ኮርት የሚል የምሥጢር ስም በተሰጠው አነስተኛ የአረጋውያን አፓርታማ ነው። ከ43ቱ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ከገጠር አካባቢ የመጡ፣ በጉልበታቸው ሠርተው የኖሩ ሴቶች ነበሩ። ሆክሺልድ በቦታው ለጥቂት ጊዜ እየሠራች ኑሯቸውን ተከታትላለች።

ነዋሪዎቹ እንደነገሯት ሲገቡ እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። ለውጡ የመጣው የአንዲት ነዋሪ ልጅ የቡና ማፍያ ማሽን ስታመጣላቸው ነው። ቡና ለመጠጣት ወርደው ተያዩ፤ ቀጥሎ ቡናውን የሚያፈላ፣ ሲኒ የሚያጥብ ሰው አስፈለገ፤ ሥራው ሲበዛ ክበብ ተቋቋመ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ለሚጠራራበት ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሴቶቹን ያስተሳሰራቸው መጠጡ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የመጣው የሥራ ክፍፍል መሆኑ ነው።

ሆክሺልድ በመካከላቸው የነበረውን ግንኙነት ከእኅትማማችነት ጋር ታመሳስለዋለች። እናት ለልጅዋ ስትሰጥ መልሱን በዚያው አትጠብቅም፤ በሜሪል ኮርት ግን የሚሰጡትና የሚቀበሉት ተመጣጣኝ ነበር። አንዷ ማርማላታ ብትሰጥ ሌላዋ ተክል ታመጣለች፤ አንዷ ለጎረቤቷ ገበያ ብትሄድ ሌላዋ ትሰፋላታለች። በኢትዮጵያ በማኅበር ተራ ከሚደረገው ድግስ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው፤ ሁሉም በየተራው ሰጪም ተቀባይም ስለሆነ ማንም ውለታ የበዛበት አይመስለውም። መተያየቱም ጥበቃ ሆኗቸው ነበር። ረፋድ ላይ መጋረጃዋ ያልተከፈተ ሴት ካለች ጎረቤቷ ደህንነቷን ትጠይቃለች።

መጽሐፉ የዚህን ኑሮ መጥፎ ጎንም አይሸሽግም። ነዋሪዎቹ በጤና፣ በልጆቻቸው ቅርበትና በሞት ያጡት ሰው በመኖሩ እርስ በርስ ይወዳደሩ ነበር። አንዲት ሴት ከእርስዋ የባሰባትን «ምስኪን» ትላታለች፤ እርስዋንም በተራዋ የተሻለች ሴት እንዲሁ ትላታለች። እንዲህ ያለው አጠራር ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነበር።

ሕመም ሲመጣ

በእኩል መሰጣጣት ላይ የቆመ ጓደኝነት፣ አንዱ ወገን መስጠት ሲያቅተው ይፈተናል። መስማት የቀነሰበት ሰው በጫጫታ መካከል ጨዋታ መከታተል ይሳነዋል። መርሳት የጀመረ ሰው ካርታ ላይ ይሳሳታል። ጤነኞቹ የሚርቁት አንዳንዴ በጭካኔ ሳይሆን የነገ ራሳቸውን በእርሱ ስለሚያዩ ነው።

የእንክብካቤ ደረጃዎች ባሏቸው ግቢዎች ይህ መራራቅ በግድግዳና በደንብም ሊጸና ይችላል። በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ከተማ የሚገኘው ሃርበርስ ኤጅ የተባለው ግቢ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ረዳትና ወደ ነርሶች ክፍል የተዛወሩ ነዋሪዎች ራሳቸውን ከቻሉት ጋር በዋናው የመመገቢያ አዳራሽ እንዳይበሉ ከለከለ። በዚህም ባልና ሚስት ሳይቀሩ፣ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ከሆነ፣ እንደ ቀድሞው በአዳራሹ አብረው መብላት አልቻሉም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዩን አካል ጉዳተኞችን ከሚከላከለው የመኖሪያ ሕግ አንጻር መረመረው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረሰው ስምምነት ግቢው ለተጎዱት 350,000 ዶላር የካሳ ፈንድ እንዲያቋቁምና ለመንግሥት 40,000 ዶላር ቅጣት እንዲከፍል ተደረገ።

ይህ ጉዳይ የተነሣው በምግቡ ምክንያት አልነበረም፤ የታመሙትም በየክፍላቸው ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። የተከለከሉት ለዓመታት አብረዋቸው ከተቀመጡት ሰዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥን ነው።

ሞትና ሐዘን

በጡረተኞች መንደር ሞት የተለመደ ዜና ነው። በብዙ አፓርታማዎች መግቢያው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የሟች ስምና ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ጎረቤቶች ለሐዘንተኛው ምግብ ሠርተው ይወስዳሉ፣ አብረውት ይቀመጣሉ፣ ሐኪም ቤት ያደርሱታል። የቀብሩን ሥርዓት በአብዛኛው የሚያስፈጽመው ግን፣ በኢትዮጵያ እንደሚደረገው ዕድር ሳይሆን፣ የቀብር ድርጅትና ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ናቸው።

ሆክሺልድ በሜሪል ኮርት እንዳስተዋለችው፣ ሴቶቹ ስለ ሞት እርስ በርሳቸው ሳይፈሩ ይነጋገሩ ነበር። ከልጅ ጋር ሲሆን ልጅየው «እንዲህ አትበዪ» ብሎ ወሬውን ያቋርጣል። እኩያ ግን ያዳምጣል፤ ጉዳዩ የራሱም ነውና።

በሌላ በኩል ጓደኞቹ በሙሉ የአንድ ዕድሜ ሰዎች የሆኑለት ነዋሪ ብዙዎቹን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያጣል። እኩዮችን የሰበሰበው መንደር ሐዘኑንም አብሮ ይሰበስበዋል ማለት ነው። ከሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖረው ሰው እንደገና አዲስ ገቢ የሆነ ያህል ጓደኛ ፍለጋ ሊጀምር ይገደዳል።

ትችቶች

በጡረተኞች መንደሮች ላይ የሚቀርበው ዋና ትችት ትውልድን ከትውልድ ይለያሉ የሚል ነው። የሰን ሲቲ ነዋሪዎች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአካባቢው የፒዮሪያ ትምህርት ቤቶች ሊበደሩት ያሰቡትን የግንባታ ገንዘብ በተደጋጋሚ በድምፃቸው ጥለዋል፤ በመጨረሻም ሰን ሲቲ ከትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ክልል እንድትወጣ ተደረገ። ነዋሪዎቹ ልጆቻችንን በሌላ ቦታ ግብር ከፍለን አስተምረናል ሲሉ፣ ተቺዎች ደግሞ ልጅ የማይታይበት ሰፈር የልጆችን ጉዳይ ይረሳል ብለዋል። ሌላው ትችት መንደሮቹ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች የተሠሩ መሆናቸውና ነዋሪዎቻቸው በብዛት ነጮች መሆናቸው ነው።

ጓደኝነትና ጤና

ጁሊያን ሆልት ላንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ትንታኔ 148 ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረዋል። በጥናቶቹ ውስጥ ከ300,000 በላይ ሰዎች ተካተዋል። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከደከመው ይልቅ በ50 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ትንታኔው በጡረተኞች መንደር ላይ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ጓደኛ ማፍራት ስለሚቀለው የምክንያትና የውጤቱን መንገድ ለይቶ ማወቅም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለመንደሮቹ አስተዳዳሪዎች ተግባራዊ ትርጉም አለው። የመመገቢያ ጠረጴዛ አቀማመጥ፣ የፖስታ ሳጥን ቦታ፣ የጋራ ሥራ መኖርና የታመመ ሰው ከወዳጆቹ እንዳይለይ የሚያደርግ ደንብ ከመድኃኒቱና ከነርሱ እኩል ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች ናቸው።